ቡድናችን በተሸነፈ ማግሥት
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ስም የተደረገ ንግግር)



በዚህ በዓል ስለ ትምህርት እንድንናገር የጠበቃችሁ ትኖራላችሁ። እኛ ግን በተፈቀደልን ጥቂት ደቂቃ የምንናገረው ስለ ኳስ ነው፤ ይኸውም የምንወደው ቡድን በተሸነፈ ማግሥት ሬዲዮውና ጋዜጣው ስለሚሉት ነገር ነው። አባቶቻችን ሆይ፥ «ደግሞ ኳስ!» ብላችሁ አትቆጡን፤ በነገሩ ውስጥ የራሳችንም ጥፋት ስላለበት እባካችሁ ታገሡን።

የብሔራዊ ቡድናችን ደጋፊ መሆን ትዕግሥት ይጠይቃል። ማታ ቡድኑ ይሸነፋል። ጧት ሬዲዮ እንከፍታለን። ተናጋሪው ውጤቱን ይነግረንና «አሳፋሪ» የሚል ቃል ይጨምርበታል፤ ከሰዓቱ የቀረውን ለማንችስተርና ለለንደን ክለቦች ይሰጠዋል። እዚያ ሲደርስ የማያውቀው ነገር የለም። የእንግሊዙ ተከላካይ የትኛው ጉልበቱን እንዳመመው እንኳ ያውቃል። የእኛዎቹ ግን ለምን እንደተሸነፉ፥ ጎሉ በየት በኩል እንደገባ፥ ማን ተጎድቶ እንደወጣ አንድ ቃል አይተነፍስም። ቁጥሩንማ እኛም ሰምተነዋል! ጠይቀውና መርምረው የሚናገሩ ጋዜጠኞች የሉም አንልም፤ አሉ፥ እናከብራቸዋለን። ብዙዎቹ ግን እንደዚያ አይደሉም።

በ2005 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ስትመለስ እኛ ገና ሕፃናት ነበርን። ስለዚያ ውድድር ስንሰማ ያደግነው «ከምድቡ መጨረሻ ወጣች፤ አንድ ነጥብ አገኘች፤ ሰባት ጎል ገባባት» የሚለውን ነው። ቁጥሩ ሐሰት አይደለም። ነገር ግን ጨዋታዎቹን በኋላ ፈልገን ስንመለከታቸው ያልተነገረን ብዙ ነገር አገኘን። ጥር 13 ቀን የገጠምናት ዛምቢያ ያን ጊዜ የዋንጫው ባለቤት ነበረች። ሳላዲን ሰይድ የመታውን ፍጹም ቅጣት ምት የዛምቢያ በረኛ አዳነበት። በረኛችን ጀማል ጣሰው በመጀመሪያው አጋማሽ በቀይ ካርድ ወጣ፤ ከዕረፍት በፊትም ጎል ገባብን። ልጆቻችን ዐሥር ሆነው ቀርተው ሳለ አዳነ ግርማ አገባና 1 ለ 1 ተለያዩ። ከዚያ ቡርኪና ፋሶ 4 ለ 0 አሸነፈችን። ለዚህ ማመካኛ አናቀርብም፤ የእነርሱ በረኛ በቀይ ካርድ ወጥቶ ዐሥር ከቀሩ በኋላ እንኳ አግብተውብናል። እንዲህ ያለውን ድክመት ገልጦ የሚነግረን ሰው ብናገኝ ደስ ባለን ነበር፤ የጠላነው ተግሣጹን ሳይሆን ባዶውን ስድብ ነው። ከናይጄሪያ ጋር ደግሞ ጨዋታው ሊያልቅ ዐሥር ደቂቃ ያህል እስኪቀረው ድረስ 0 ለ 0 ነበሩ። ሁለቱንም ጎል ቪክተር ሞሰስ በፍጹም ቅጣት ምት አገባ። በሁለተኛው ጊዜ በረኛችን ሲሳይ ባንጫ ተባረረ፤ ቅያሪ ስላለቀ የመሐል ተጫዋቹ አዲስ ሕንጻ በር ላይ ቆመ።

ለፍጻሜ የደረሱትስ እነማን ነበሩ? ናይጄሪያና ቡርኪና ፋሶ። ናይጄሪያ 1 ለ 0 አሸንፋ ዋንጫውን ወሰደች። እንግዲህ ምድባችን ውስጥ የነበሩት የቀድሞው ባለዋንጫ፥ አዲሱ ባለዋንጫና ሁለተኛ የወጣው ናቸው። ይህን ለማወቅ እኛ ዐሥራ ስምንት ዓመት እስኪሞላን መጠበቅ ነበረብን?

ቡድኑ ሲያሸንፍም ያው ነው። ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ግብፅን 2 ለ 0 አሸነፍን፤ ዳዋ ሆቴሳና ሽመልስ በቀለ አገቡ። «ጀግኖች!» ተባለ። ግጥሚያው በሜዳችን የምናደርገው ሆኖ ሳለ የተካሄደው ግን በማላዊ፥ በሊሎንግዌ ከተማ ነበር፤ የባሕር ዳር ስታዲየም በአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ስለታገደ በአገር ውስጥ የሚጫወቱበት ሜዳ አልነበረም። እኛ ስንሰማ የዋልነው ሬዲዮ ይህን አላነሣም። ያለ ሜዳና ያለ ደጋፊ «ባለሜዳ» መሆን ምን እንደሚመስል ማን ጠየቃቸው?

የዛሬዎቹ ተጫዋቾች የሚመቱበት ዱላ ደግሞ የ1954ቱ ዋንጫ ነው። እኛም እንኮራበታለን። ጥር 13 ቀን፥ የዛምቢያው ጨዋታ ከመደረጉ ልክ 51 ዓመት በፊት፥ ሉቻኖ ቫሳሎ የመራው ቡድን አዲስ አበባ ላይ ከግብፅ ጋር 2 ለ 2 ሆኖ በተጨማሪው ሰዓት 4 ለ 2 አሸነፈ። ይሁን እንጂ በዚያ ውድድር የመጨረሻ ዙር የተጫወቱት አራት አገሮች ብቻ ነበሩ። ይኸው የግብፅ ቡድን በ1949 ዓ.ም. 4 ለ 0፥ በ1951 ዓ.ም. እንደገና 4 ለ 0 አሸንፎን ነበር። የዛሬው ሬዲዮ ተናጋሪ በ1951 ዓ.ም. ቢኖር ኖሮ ስለ እነዚያ ልጆች ምን ይል ነበር?

አሁን ወደ ጥፋታችን እንምጣ። አምና ቡድናችን ከሌላ ትምህርት ቤት ጋር ተጋጥሞ 5 ለ 1 ተሸነፈ። ሰኞ ጧት በግድግዳ ጋዜጣችን ላይ በቀይ ቀለም «በረኛችን ወንፊት» ብለን ጻፍን። ተማሪው ሁሉ ሳቀ፤ እኛም በጽሑፋችን ኮራን። ከጻፍነው ከሦስታችን ሁለታችን ጨዋታውን አላየንም ነበር። በረኛው ከዚያ ቀን ጀምሮ ልምምድ መምጣት ተወ። ለካስ በመጀመሪያው ጎል ጊዜ ሁለት ጣቶቹ ወልቀው ኖሯል፤ ሌላ በረኛ እንደሌለን ስለሚያውቅ ለማንም ሳይናገር ጨዋታውን ጨረሰ። ይህን የሰማነው ከእርሱ አይደለም፤ ጣቱን ያሹት ወጌሻ ልጅ የክፍላችን ተማሪ ስለሆነች ነው። ሬዲዮውን «ለምን አይጠይቅም?» እያልን የምንወቅሰው እኛ አጠገባችን የሚቀመጠውን ልጅ አንዲት ጥያቄ አልጠየቅነውም።

ይቅርታ ልንጠይቅ ቤቱ ሄድን። እናቱ ቡና አፍልተው ተቀበሉን። እርሱ ብዙ አልተናገረም። «ጎሎቹን ልንገራችሁ?» አለና አምስቱንም በየተራ ነገረን። «ሁለቱ የእኔ ጥፋት ናቸው፤ አንዱ ተከላካዩ አንሸራትቶት ነው፤ ሁለቱን ግን ማንም በረኛ አያድናቸውም» አለ። እንዳለው ሳንቀንስና ሳንጨምር ጻፍነው። ተማሪዎች ቆመው ሲያነቡት አየን፤ የሳቀ አልነበረም።

ያ ወረቀት አሁንም በቤተ መጻሕፍቱ በር አጠገብ ተለጥፎ ይገኛል፤ ስትወጡ ልታዩት ትችላላችሁ። ልጁ ግን በዚህ አዳራሽ የለም። ከሰዓት በኋላ ለበዓሉ በሚደረገው ግጥሚያ ስለሚሰለፍ ጣቱን ሊያሳስር ወጌሻው ዘንድ ሄዷል።