አያት የመቁጠር ነገር

በመንዝ አያት የሚቆጠረው ለርስትና ለጋብቻ ነበር። ርስት ፈላጊው በአባቱም በእናቱም ቆጥሮ ከማማ፥ ከላሎ ወይም ከጌራ ይደርሳል፤ ተጋቢው ደግሞ እስከ ሰባት ቤት ይቆጥራል። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት በዐዋጅ የሕዝብ ሲሆን የርስቱ ቆጠራ ቀረ፤ እኛም መሬት የማያወርሱንን አያቶች ረሳን።

የሸዋ ነገሥታት ትውልድ ከነጋሲ ክርስቶስ እስከ ዳግማዊ ምኒልክ ተጽፎ ይነበባል። ነገር ግን በ1848 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ሸዋን ይዘው የ11 ዓመቱን ልጅ ምኒልክን ወደ መቅደላ ሲወስዱ፥ በመንዝ ልጅ አዝላ የነበረችው የአያታችን አያት ማን ትባል ነበር? ቅዱስ ማቴዎስ እንኳ የጌታን ትውልድ ሲቆጥር ትዕማርን፥ ራኬብንና ሩትን በስማቸው ጠርቷል።

ለሙታን ጸሎት ሲደረግ ካህኑ የሚጠይቀን የክርስትና ስም ነው። ያን ስም የሚያውቁ አረጋውያን በየቤታችን ሳሉ፥ ዛሬ ማታ እንጠይቃቸው።