ስለ ሞተር ብስክሌት የቤንዚን መንገድና ሲቋረጥ ምክንያቱን መርምሮ ስለ ማግኘት

ለመንደር ትምህርት ቤት መምህራንና ለአገር ሽማግሎች የተነገረ



ከነገሌ ቦረና ወደ ፊልቱና ወደ ዶሎ፥ ከያቤሎም ወደ ሜጋና ወደ ሞያሌ በሚወርደው ቆላ አገር ሞተር ብስክሌት የጌጥ ዕቃ አለመሆኑን ታውቃላችሁ። መኪና በማይገባበት መንገድ የክትባት መድኃኒት በበረዶ ሣጥን ይዞ የሚሄደው የጤና ሠራተኛ በርሱ ይሄዳል፤ የፈተና ወረቀት ከወረዳው ከተማ የሚያመጣው መምህር በርሱ ይመለሳል፤ ምጥ የጠናባትም ሴት ሌላ ነገር በታጣ ጊዜ በርሱ ላይ ተደግፋ ትወሰዳለች። የክትባት መድኃኒት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ቅዝቃዜ ካልተጠበቀ ኃይሉን ያጣልና፥ ሞተሩ ከግራር ሥር ቆሞ የሚያልፈው እያንዳንዱ ሰዓት ከበረዶው ላይ የሚቀነስ ነው።

በዚያን ጊዜ መካኒክ በቅርብ አይገኝም። ሕዝቡ የሚጠራው ፊደል የቈጠረውን መምህር ነው። መምህሩም ብዙ ጊዜ ካቻቢቴ አንሥቶ መጀመሪያ ዓይኑ ያረፈበትን ብሎን ይፈታል። ስሕተቱ ከዚህ ይጀምራል።

ነገሩ እንዲገለጥ አንድ ምሳሌ ይቀመጥ። ከነገሌ ወደ ፊልቱ በሚወስደው መንገድ ዳር የሚያስተምር አንድ መምህር አሮጌ ያማሃ ዲቲ 125 አለው። ሞተሩ በጧት በመልካም ይነሣል፤ ሩብ ሰዓት ያህል ከሄደ በኋላ ግን እንደ ደከመ በቅሎ ያነክስና ይቆማል። መምህሩ ጥላ ፈልጎ ጥቂት ካረፈ በኋላ ቢመታው ይነሣል፤ እንደ ገና ሩብ ሰዓት ሄዶ ይቆማል። አንዱ መካኒክ ካንዴላውን ለወጠለት፤ ምንም አልተሻለውም። ሁለተኛው ካርቡራቶሩን ፈትቶ የናሱን ቀዳዳ በቀጭን ሽቦ ወጋው፤ ከዚያ ወዲህ ሞተሩ ቤንዚን ከቀድሞው ይልቅ ይጠጣል፥ ይጨሳልም፤ መቆሙን ግን አልተወም። ሦስተኛው ፒስቶኑ አልቋል ብሎ የወር ደመወዙን የሚያስጨርስ ዋጋ ነገረው። በዚህ መካከል አንድ ቀን ሞተሩ በመንገድ ላይ ሲቆም፥ ግመል የሚነዱ አንድ ሽማግሌ «ቤንዚኑ አልቆ እንዳይሆን» ብለው የማጠራቀሚያውን ክዳን ከፈቱት። ክዳኑ ሲላቀቅ አየር እየተሳበ ሲገባ እንደ እባብ ድምፅ ተሰማ። ሞተሩም ወዲያው ተነሣ። ሽማግሌው የሞተር ትምህርት አልነበራቸውም፤ ነገር ግን ሦስቱ መካኒኮች ያላደረጉትን አደረጉ፤ ከመጀመሪያው ከላይ ጀመሩ።

የቦረና ሰው ይህን ምክንያት ከማንም ይልቅ ፈጥኖ የሚያስተውልበት ነገር በአገሩ አለው። ዘጠኝ እየተባሉ የሚቈጠሩት የቱላ ጥልቅ ጕድጓዶች ውሃቸው የሚወጣው፥ ለምሳሌ በዱብሉቅ እንደሚታየው፥ ወንዶች ከሥር እስከ ላይ በየእርከኑ ቆመው ባልዲውን እየዘመሩ ከእጅ ወደ እጅ ሲያቀባብሉት ነው። ከላይ ያለው ገንዳ በደረቀ ጊዜ ገንዳውን የሚያፈርስ ሰው የለም፤ ወይም ከሥር ውሃው ጐድሏል፥ ወይም ከቀባዮቹ አንዱ ቆሟል፤ ይህንንም ለማወቅ እርከን በእርከን ማየት ነው። በሞተር ብስክሌት ላይ መንገዱ ተገልብጦ ከላይ ወደ ታች ይወርዳል እንጂ ሥርዓቱ አንድ ነው። ቤንዚኑ ከማጠራቀሚያው በራሱ ክብደት ይወርዳል፤ በመክፈቻው ያልፋል፤ በጎማው ቱቦ ወደ ካርቡራቶሩ ገንዳ ይገባል፤ ከዚያ በናስ ቀዳዳዎች ተመጥጦ ከአየር ጋራ ተቀላቅሎ ወደ ሲሊንደሩ ይሄዳል። ከእነዚህ በአንዱ ቆሟል፤ በየትኛው እንደ ሆነ ሳይታወቅ ምንም አይፈታ።

አስቀድሞ ግን ጕድለቱ የቤንዚን መሆኑ ይረጋገጥ። ሞተሩን ብዙ ጊዜ ከመቱ በኋላ ካንዴላውን አውጥቶ ማየት ነው። ጫፉ ደረቅ ከሆነ ቤንዚን አልደረሰም። በቤንዚን ርሶ ከተገኘ ግን ቤንዚኑ ደርሷል፥ እንዲያውም በዝቷል ማለት ነውና ምርመራው ወደ እሳቱ ይዞር። ደኅና የሚሠራ ሞተር ካንዴላ የተቈላ ቡና መልክ ይይዛል፤ የነጣ እንደ ሆነ ቤንዚን አንሶታል፤ ጥላሸት የለበሰ እንደ ሆነ በዝቶበታል።

ካንዴላና ካቻቢቴ፥ ፒንሳና ፊልትሮ የሚባሉት ስሞች ሁሉ ከጣልያን ቋንቋ የተወረሱ ናቸው። የኢጣልያ ጦር በጥር ወር 1928 ዓ.ም. ከዶሎ በካሚዮን ገሥግሦ ነገሌ የገባበትን ዘመን ከአባቶቻቸው የሰሙ ሽማግሎች፥ ጠላት ወጥቶ የዕቃው ስም እንደ ቀረ ያስተውላሉ።

ካንዴላው ደርቆ ከተገኘ የቱቦው ጫፍ ከካርቡራቶሩ ይነቀልና በጠርሙስ ውስጥ ይግባ፤ መክፈቻውም ይከፈት። ይህ አንድ ፈተና ከሌላው ሁሉ ይበልጣል። ቤንዚኑ ሳይቋረጥ ቢወርድ ከቱቦው በላይ ያለው ሁሉ ደኅና ነው፤ ዓይን ወደ ካርቡራቶሩ ይመለስ። ከመጀመሪያው እየቀጠነ ቢንጠባጠብ፥ በመክፈቻው አናት ላይ ያለችው ወንፊት በዝገትና በአቧራ ተደፍናለች ማለት ነው፤ አሮጌ ማጠራቀሚያ ከውስጥ ይዝጋልና ይህ ብዙ ጊዜ ይገኛል። መክፈቻው የመጠባበቂያ አፍ ካለው ሁለቱም አፎች በየተራ ይፈተኑ፤ አንዱ ሲደፈን ሌላው ሊወርድ ይችላልና።

መጀመሪያ በመልካም ወርዶ ቈይቶ የሚቀጥንና የሚቆም ከሆነ ግን የመምህሩ ሕመም ነው። በማጠራቀሚያው ክዳን ላይ አየር የምታስገባ ትንሽ ቀዳዳ አለች። ቤንዚኑ በወረደ መጠን በቦታው አየር ካልገባ ውስጡ ባዶ እየሆነ ቤንዚኑን ወደ ኋላ ይይዘዋል። በክፍል ውስጥ ለልጆች ለማስረዳት ቀላል ነው፤ ከሥሩ የተበሳ ቅል ውሃ ሞልቶ አፉን በመዳፍ ቢከድኑት ውሃው መውረዱን ያቆማል፤ መዳፍ ሲነሣ ይወርዳል። የቆላው ቀይ አቧራ ከላብና ከዘይት ጋራ ተለውሶ ያችን ቀዳዳ እንደ ጭቃ ይለስናታል። ሞተሩ ሲያርፍ አየሩ ጥቂት በጥቂት ይገባልና እንደ ገና ይነሣል፤ ብዙ ሰው «ሞተሩ ሞቆ ነው፥ ሲበርድ ይነሣል» ብሎ የሚሳሳተው በዚህ ነው። በቆመ ጊዜ ክዳኑን ፈትቶ ወዲያው ቢነሣ ነገሩ ተገኝቷል።

ቤንዚኑ የወረደበት ጠርሙስ አይደፋ፤ ለጥቂት ጊዜ ተቀምጦ ይታይ። የ1 ሊትር ውሃ ክብደት 1 ኪሎ ሲሆን የ1 ሊትር ቤንዚን ግን ወደ 3/4 ኪሎ ስለ ሆነ፥ ውሃ ካለበት ከሥር ተለይቶ ይቀመጣል፤ በላዩና በሥሩ መካከል ያለው መስመር በግልጥ ይታያል። በቆላው ከተሞች ማደያ ሲደርቅ ቤንዚን በየመንገዱ ዳር በሃይላንድ ጠርሙስ ይሸጣልና ጠርሙሱ ቀድሞ ምን እንደ ነበረበት ገዢው አያውቅም። በአገራችን በ2001 ዓ.ም. ቤንዚንን ከኤታኖል ጋራ ቀላቅሎ መሸጥ ተጀምሮ ነበር፤ እንዲህ ያለው ድብልቅ ውሃን ወደ ራሱ ይስባል፥ ውሃው ሲበዛበትም ኤታኖሉ ከውሃው ጋራ ተለይቶ ወደ ሥር ይወርዳል። ነጭ ጋዝ የተቀላቀለበት እንደ ሆነ ደግሞ በነጭ ወረቀት ይለያል፤ ንጹሕ ቤንዚን ጠብ ሲደረግበት ተንኖ ምልክት አይተውም፥ ነጭ ጋዝ ግን እንደ ቅቤ የሚያበራ ነጥብ ይተዋል። ለሞተሩ ተብሎ ዘይት የተጨመረበት ቤንዚንም ነጥብ ይተዋልና ፈተናው ዘይት ሳይጨመር ይደረግ።

ከቱቦው በታች ወዳለው እንለፍ። በካርቡራቶሩ ገንዳ ሥር የማፍሰሻ ብሎን አለ። መክፈቻው ተከፍቶ ያ ብሎን ሲላላ ቤንዚን መፍሰስ ይገባዋል። ካልፈሰሰ መግቢያውን የሚዘጋው መርፌ ተጣብቋል፤ ሞተሩ ብዙ ወራት ቆሞ እንደ ሆነ ቤንዚኑ ተንኖ እንደ ሙጫ ያለ ነገር ይተዋልና ይይዘዋል። ተቃራኒውም አለ፤ ሞተሩ ቆሞ ሳለ ቤንዚን ወደ ውጭ የሚፈስ ከሆነ ወይ ከመርፌው ሥር ቈሻሻ ገብቷል፥ ወይም ተንሳፋፊው ተበስቶ ጠጥቷል። ተንሳፋፊውን ከጆሮ አጠገብ ቢነቀንቁት በውስጡ ያለው ቤንዚን ይሰማል።

ገንዳው ሞልቶ ሳለ ሞተሩ ቢያስቸግር ቀዳዳዎቹ ይመረመራሉ። ታናሹ ቀዳዳ ሲደፈን ሞተሩ አየር መዝጊያው ካልተሳበ አይነሣም፥ ነዳጅ ሲቀንሱለትም ይጠፋል። ታላቁ ሲደፈን ቀስ ብሎ ሲሄዱ ደኅና ይመስላል፥ ዳገት ላይ ነዳጅ ሲሰጡት ግን ይታፈናል። ናሱ ይነቀል፥ በቤንዚን ይታጠብ፥ በጐማ መንፊያ ይነፋ፥ ወደ ፀሐይም ተደርጎ ይታይ፤ ብርሃኑ ክብ ሆኖ ከታየ ነጽቷል። ሽቦ ግን አይግባበት! ናስ ለስላሳ ነው፤ የቀዳዳው ስፋት የተለካው ከሚሊሜትር ክፍልፋይ በሚያንስ መጠን ነው፤ በሽቦ አንድ ጊዜ የሰፋ ቀዳዳ አይጠብም።

ሌላ ነገር ደግሞ አለ፥ ይኸውም የአገሩ ከፍታ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ነው፤ ነገሌ 1,500 ያህል፤ ዶሎ ወደ 200 ይወርዳል። ከአዲስ አበባ እስከ ዶሎ የአየሩ ግፊት ከ100 እጅ 30 ያህል ይጨምራል። ስለዚህ በደጋ በቀጭኑ አየር ልክ ታናሽ ናስ የተደረገለት ሞተር ወደ ዶሎ ሲወርድ አየሩ ይበዛበታል፥ ቤንዚኑ ያንስበታል፥ ይግላል፥ ኃይሉም ይጐድላል። ምንም ነገር ሳይደፈን የተደፈነ ይመስላል። በዚህ ጊዜ የሚያስፈልገው ማጽዳት ሳይሆን በፋብሪካው ልክ ያለውን ናስ መመለስ ነው። በካርቡራቶሩና በሲሊንደሩ መካከል ያለው ጐማ በፀሐይ ተሰነጣጥቆ ከጐን አየር ሲስብም ያው ምልክት ይታያል።

በቀትርም ቱቦው ከሲሊንደሩ ተጠግቶ ከሆነ ቤንዚኑ በውስጡ ይፈላል፤ የቤንዚን ቀላሉ ክፍል በ40 ዲግሪ አካባቢ መፍላት ይጀምራልና። ቱቦውን ከሲሊንደሩ ማራቅና እርጥብ ጨርቅ በካርቡራቶሩ ላይ ማድረግ ይበቃል። በጋለው ሲሊንደር ላይ ግን ቀዝቃዛ ውሃ ማፍሰስ ብረቱን ይሰነጥቃል።

ቤንዚን በአፍ በቱቦ መሳብ በብዙ ሰው ዘንድ እንደ ብልኀት ይቈጠራል፤ ክፉ ልማድ ነው። ወደ ሳንባ የገባ ጥቂት ቤንዚን ሰውን ሊገድል ይችላል። የዋጠውም ሰው እንዲያስመልስ አይደረግ፤ ሲያስመልስ ወደ ሳንባው ይገባልና ፈጥኖ ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ። ኵራዝ፥ ሲጋራና የቡና ፍም ከሚሠራበት ቦታ ይራቁ፤ የቤንዚኑ ተን ከአየር ስለሚከብድ በመሬት ላይ እየተሳበ ወደ እሳቱ ይሄዳል። በቤንዚን የተሞላ ሃይላንድ በክፍል ውስጥ ማስቀመጥ በፍጹም አይገባም፤ የተጠማ ሕፃን ውሃ ይመስለዋል።

በምሳሌ የተነገረው መምህር የክዳኑን ቀዳዳ በቤንዚንና በመጥረጊያ ጭራ አጽድቶ ወደ ፊልቱ ሳይቆም ደረሰ፤ ለዚህ ያወጣው ገንዘብ የለም። በሽቦ የተወጋው ናስ ግን ሞተሩን ማስጨሱን አልተወም። በናሱ ጐን የተቀረጸውን ቍጥር በወረቀት ጽፎ፥ በዚያ ልክ አዲስ እንዲገዛለት ወደ ሻሸመኔ በሚሄድ ሰው እጅ ላከ።