ከኮረሪማ እስከ ዝባድ

አቅራቢ 1፦ ትናንት ቦንጋ ገበያ ኮረሪማ ከሚሸጡ እናት ዘንድ ቆሜ አንዱን ፍሬ በጥፍሬ ሰነጠቅሁት። ሽታው ከተላጨሁ በኋላ የምቀባውን አስታወሰኝ።

አቅራቢ 2፦ አልተሳሳትክም። የወንዶች ሽቶ ውስጥ ሄል ይገባል፤ ሄልም ኮረሪማም የዝንጅብል ዘመዶች ናቸው። እንዲህ ያለ ቀላል ሽታ ቀድሞ አፍንጫ ይደርሳል፣ ቀድሞም ይተናል። ስለዚህ ክዳኑን ከፍተህ ስላሸተትክ ብቻ አትግዛ። እጅህን ቀባ አድርገህ፣ ግማሽ ሰዓት ገበያውን ዞረህ እንደገና አሽትተው።

አቅራቢ 1፦ ያኔ ምን ይቀራል?

አቅራቢ 2፦ ከባዱ። እንጨቱ፣ ሙጫው፣ ዝባዱ። ዝባድ እኮ የኛው ታሪክ ነው! በካፋ ነገሥታት ዘመን ከዚህ ይወጡ ከነበሩ ውድ ሸቀጦች አንዱ ነበር፤ በቀንድ እየታሸገ ነበር የሚጓዘው።

አቅራቢ 1፦ ጥሬውን አንዴ አሽትቼ ፊቴን አዙሬአለሁ።

አቅራቢ 2፦ በደንብ ሲቀጥን ነው የሚጥመው፤ ሌላውንም ሽታ ቆዳ ላይ ያቆያል። ግን ዝባዱን የሚሰጠው ጥርኝ በጠባብ ጎጆ ተዘግቶ፣ እጢው በየጥቂት ቀኑ ሲጫር ሳስብ ያመኛል። የዝባድን ዋና ሽታ ሰጪ፣ የሲቬቶንን አወቃቀር ኬሚስቱ ሊዮፖልድ ሩዚችካ እ.ኤ.አ. በ1926 ለይቶታል፤ ዛሬ በላብራቶሪ ይሠራል። እኔ እሱን እመርጣለሁ።

አቅራቢ 1፦ ከተላጨሁ በኋላ የምቀባው እሽግ ላይ ግን «ፓርፉም» ከሚል ቃል በቀር አላይም።

አቅራቢ 2፦ በዚያች ቃል ውስጥ ብዙ ንጥረ ነገር ሊኖር ይችላል። ስትላጭ ቆዳህ የሚቆጣ ከሆነ ሽታ የሌለውን ውሰድ። ኮረሪማውን ለቡናችን አስቀምጥልን።