የሰፈር ስኮላርሺፕ

በአሜሪካ ሁለተኛ ደረጃን የሚያጠናቅቅ ተማሪ የኮሌጅ ገንዘብ ሲፈልግ ዓይኑ ቀድሞ የሚያርፈው በትልልቆቹ አገር አቀፍ ሽልማቶች ላይ ነው። እነዚያን ከየግዛቱ የመጣ ወጣት ይሻማቸዋል። የአካባቢው ሮታሪ ክለብ፣ የብድርና ቁጠባ ማኅበሩ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ወይም መስጊዱ የሚሰጡት 500 ወይም 1,000 ዶላር ግን አመልካቾቹ የአንድ ከተማ፣ አንዳንዴም የአንድ ትምህርት ቤት ልጆች ብቻ ስለሆኑ የማግኘት ዕድሉ ሰፊ ነው። ትንሽ ነው ተብሎ መናቁ ያሳዝናል፤ ሁለት ሦስቱ ሲደመሩ የመጻሕፍትን ወጪ ይሸፍናሉና።

በፈረንጆች 1958 በማሳቹሴትስ ፎል ሪቨር ከተማ ኧርቪንግ ፍራድኪን የተባሉ የመነጽር ሐኪም ነዋሪው አንዳንድ ዶላር አዋጥቶ የከተማዋን ልጆች ኮሌጅ እንዲያስገባ ጠየቁ። ዛሬ ስኮላርሺፕ አሜሪካ የሚባለው ድርጅት የተወለደው ከዚያ መዋጮ ነው። በዕድር ላደገ ሰው ሐሳቡ እንግዳ አይሆንበትም።

የእነዚህ የሰፈር ስኮላርሺፖች ዝርዝር ያለው በትምህርት ቤቱ ካውንስለር እጅ ነው። ፋፍሳ የተባለው የፌዴራል ድጋፍ ማመልከቻ እንደ ደንቡ በኦክቶበር ይከፈታል፤ የሰፈሮቹ ማመልከቻዎች ግን በብዛት የሚዘጉት ከጃንዋሪ እስከ ኤፕሪል ባለው ጊዜ ነው። የድጋፍ ደብዳቤ የሚጽፍ መምህር ቢያንስ ሦስት ሳምንት ቀደም ብሎ ሊጠየቅ ይገባል። ለ11ኛ ክፍል ተማሪዎች ጊዜው ገና በእጃቸው ነው።

ከማመልከቻው ሁሉ የሚከብደው ድርሰቱ ነው። ከኢትዮጵያውያን ቤት የወጣ ልጅ ራስን ማወደስ ነውር ነው ተብሎ ስላደገ ዋናውን ነገር ሳይጽፍ ይቀራል። ሜሪላንድ ለምረቃ የምትጠይቀውን የ75 ሰዓት የማኅበረሰብ አገልግሎት ይመዘግባል፤ እናቱን ሐኪም ቤት ወስዶ ማስተርጎሙን፣ አባቱ የሌሊት ታክሲ ሲነዱ ታናናሾቹን ማብላቱንና ማስጠናቱን ግን ከሥራ አይቆጥረውም። ይህ ግን ኃላፊነት ነው፤ ዳኞቹም የዚያው ከተማ ሰዎች ናቸው። በሜሪላንዷ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ የተፈጸመ አንድ እውነተኛ ነገር፣ ከነሰዓቱና ከነቦታው ሲጻፍ፣ ስለ ትጋት ከተጻፈ ሙሉ ገጽ ይበልጥ ያሳምናቸዋል።

የመኖሪያ ፈቃድ ጉዳይ ብዙ ቤተሰብን ያስፈራል። ጥገኝነት የተፈቀደለት ወይም በስደተኝነት የገባ ተማሪ ለፌዴራል ድጋፍ ብቁ ነው፤ የጥገኝነት ጥያቄው ገና ያልተወሰነለት ግን በጥያቄው ብቻ ብቁ አይሆንም። ከሰፈር ሰጪዎች መካከል ዜግነት የማይጠይቁ ስላሉ፣ በሩ የሚጠብበት ልጅ መጀመሪያ ሊያንኳኳ የሚገባው እነሱን ነው።

ሽልማቱ ከተገኘ በኋላ ቼኩ ብዙ ጊዜ በቀጥታ ወደ ኮሌጁ ይላካል፤ ተማሪውም ለኮሌጁ የገንዘብ ድጋፍ ቢሮ ማሳወቅ አለበት። አንዳንድ ኮሌጆች ከውጭ ገንዘብ ሲመጣ የራሳቸውን እርዳታ ይቀንሳሉ። ሜሪላንድ በ2017 ይህን አሠራር በመንግሥት ኮሌጆቿ ላይ በሕግ በመገደብ ከግዛቶች ሁሉ ቀዳሚ ሆናለች። ቅነሳ የገጠመው ተማሪ እርዳታው ሳይሆን ብድሩ እንዲቀነስለት በጽሑፍ መጠየቅ ይችላል። ዲግሪ ለሚማር ሰው ለትምህርት ክፍያና ለግዴታ መጻሕፍት የዋለው ገንዘብ ግብር አይከፈልበትም፤ ለመኝታና ለምግብ የዋለው ግን እንደ ገቢ ይቆጠራል። በየዓመቱ የሚታደስ ሽልማት ከሆነ ደግሞ ሰጪው የሚጠይቀውን የውጤት ወረቀት በጊዜው መላክ የተማሪው ግዴታ ነው።