ቤንዚኑስ ቀረ፤ ወጪውስ ቀረ ወይ?

(በፉሪ አካባቢ በአንድ ዕድር ስብሰባ ላይ ከተደረገ ንግግር የተወሰደ)



«ቤንዚን ይሻላል ወይስ ኤሌክትሪክ?» የሚለው ጥያቄ እዚህ ፉሪ የቅንጦት ወሬ አይደለም። በመካከላችን በታክሲ ሥራ ልጆቹን የሚያሳድግ አለ። የአባቱን ቦታ ሸጦ መኪና ሊገዛ ያሰበም አለ። ስለዚህ ሒሳቡን እስቲ በግልጽ እናውጣው።

እ.ኤ.አ. በ2022 የኤሌክትሪክ መኪና ከተጨማሪ እሴት፣ ከኤክሳይስና ከሱር ታክስ ነፃ ተደረገ። ተገጣጥሞ ለሚገባው 15 በመቶ የጉምሩክ ቀረጥ ብቻ ቀረ። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ዶክተር ዓለሙ ስሜ ከኤሌክትሪክ በቀር አውቶሞቢል አገር ውስጥ እንደማይገባ ነገሩን። መክሮ የወሰነው ማን ነው? እኛ አልተጠየቅንም!

ጥቅሙን አልክድም። በ2017 ዓ.ም. አጋማሽ ገደማ አንድ ሊትር ቤንዚን 101 ብር ከ47 ሳንቲም ገባ። በዚያ ዋጋ በ100 ኪሎ ሜትር 8 ሊትር የምትጠጣ መኪና 812 ብር ያህል ትበላለች። ኤሌክትሪኳ ለዚያው መንገድ 18 ኪሎዋት ሰዓት ብትፈጅና ሆን ብለን አስወድደን አንዱን 10 ብር ብናስበው እንኳ 180 ብር ነው። የሞተር ዘይት የለ፣ ካንዴላ የለ፣ ማደያ ተሰልፎ መዋል የለ።

ታዲያ ሁሉም ያተርፋል? አያተርፍም። የመግዣ ዋጋ ልዩነቱ 600 ሺህ ብር ነው እንበል። በወር 2,500 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ባለታክሲ በወር 15,800 ብር ያድናል፤ ልዩነቱን በ3 ዓመት ከ2 ወር ይመልሰዋል። 500 ኪሎ ሜትር ብቻ የሚነዳው የቢሮ ሠራተኛ ግን የሚያድነው 3,160 ብር ነው፤ ልዩነቱን ለመመለስ 16 ዓመት ሊሞላው ምንም አይቀረው! እስከዚያ ባትሪው አለ ወይ?

በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ የሚባለው እዚህ ላይ ነው። የዚህ መኪና ውዱ ዕቃ ባትሪው ነው። ብዙ ፋብሪካዎች ለባትሪ የ8 ዓመት ወይም የ160 ሺህ ኪሎ ሜትር ዋስትና ይሰጣሉ። ለቻይና ገበያ ተሠርቶ በነጋዴ እጅ ለገባ መኪና ግን ያንን ዋስትና እዚህ የሚያከብረው ማን ነው? ዕቃው በዶላር ይመጣል፤ ዶላሩ ደግሞ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ በሳምንታት ውስጥ ከ57 ብር ተነሥቶ 100ን ዘለለ። የመብራት ታሪፉም ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ለ4 ዓመት በየሩብ ዓመቱ እንዲጨምር ተወስኗል።

ሕዳሴ ግድብ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ፤ ደስ ብሎናል። ከዚሁ ከፉሪ ለቡ ጣቢያ የሚነሣው የጅቡቲ ባቡርም በኤሌክትሪክ ይሄዳል። ነገር ግን ኃይል መኖሩ አንድ ነገር፣ እኛ ሰፈር ትራንስፎርመር መድረሱ ሌላ ነገር ነው። ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ የሚኖረው ወገናችን ገመዱን በመስኮት ያውርድ?

እንግዲህ ምክሬ አጭር ነው። ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት በወር ስንት ኪሎ ሜትር እንደምትነዱ ጻፉ። የባትሪውን ጤንነት በመሣሪያ አስለኩ። ዋስትናውን በወረቀት፣ በፊርማና በማኅተም ተቀበሉ። ቤታችሁ ቆጣሪው ይችል እንደሆነ ባለሙያ ጠይቁ።

መንግሥትም ቤንዚኑን ከከለከለ ቻርጅ ማድረጊያውን፣ መለዋወጫውንና መካኒኩን የማሟላት ዕዳ አለበት። በሩን ዘግቶ መስኮቱን አለመክፈት አስተዳደር አይባልም።