የሞተር ሳይክል ካርቡራተሮችን በቤት ስለማመጣጠን
(በፔታሕ ቲክቫ ለወላጆችና ለወጣቶች የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምንናገረው ስለ ማሽካንታ ወይም ስለ ትምህርት ቤት ምዝገባ አይደለም፤ ስለ ሞተር ሳይክል ነው። አንዳንድ እናቶች «ይህን የሞት ዕቃ ደግሞ ልታስተምሯቸው ነው ወይ?» እንዳላችሁ ሰምተናል። ፍርሃታችሁ ይገባናል። ነገር ግን ልጁ ገዝቶታል፣ በእሱም ዕቃ እያመላለሰ ደመወዝ ያመጣል። መስቀለኛ መንገድ ላይ ድንገት የሚጠፋ፣ እጅ እስኪደነዝዝ የሚንቀጠቀጥ ሞተር ደግሞ ለነጂው አደጋ ነው፤ ቆሞ በዋለ ቀንም ገቢ የለም። በሰጉላም ሆነ በኪርያት አሪየህ ሙሳኮች አሉ፣ ባለሙያም አላቸው። ይሁን እንጂ በዚህ ሥራ የሚለወጥ ዕቃ ስለሌለ የሚከፈለው በአብዛኛው የእጅ ዋጋ ነው፤ እጅ ደግሞ በየቤታችን አለ።

አስቀድመን ጉዳዩ የማን እንደሆነ እንለይ። ባለ አንድ ሲሊንደር ስኩተር ካርቡራተሩ አንድ ብቻ ስለሆነ የሚመጣጠን ነገር የለውም። ከ2000ዎቹ አጋማሽ ወዲህ የወጡት አብዛኞቹ ሞተር ሳይክሎችም ካርቡራተር ትተው በኢንጀክሽን ይሠራሉ። የምንናገረው በሁለተኛ እጅ እየተገዙ ስለሚነዱት አሮጌዎቹ ነው፤ ለምሳሌ ባለ ሁለት ሲሊንደሩ ሱዙኪ ጂኤስ 500 ወይም የ1990ዎቹ ሆንዳ ሲቢ 500።

ካርቡራተር፣ በዕብራይስጥ መአዬድ የሚባለው፣ ቤንዚንን ከአየር ጋር ቀላቅሎ ለሞተሩ ያቀብላል። በእነዚህ ሞተሮች ለየሲሊንደሩ አንድ አንድ ካርቡራተር አለ። ይህን ለአባቶች ማስረዳት ለልጆች ከማስረዳት ይቀላል፤ ምክንያቱም ወናፍ ያውቃሉ። በጎንደር ዙሪያ ቀጥቃጩ ባለ ሁለት ከረጢት ወናፉን በሁለት እጁ እያፈራረቀ ሲነፋ፣ አንዱ ከረጢት ከሌላው ከደከመ እሳቱ አንዴ ቦግ አንዴ ጭልም ይላል፣ ብረቱም እኩል አይግልም። ካርቡራተሮቹም እንደዚሁ ናቸው፤ ልዩነቱ ወናፍ የሚገፋ ሲሆን ሞተር የሚስብ መሆኑ ብቻ ነው። የአንዱ ጉሮሮ ጠብቦ የሌላው ሰፋ ካለ፣ አንዱ ሲሊንደር ሲሠራ ሌላው ይጎተታል፤ ሞተሩ በሚኒሞ ይንቀጠቀጣል፣ ቤንዚንም በከንቱ ይባክናል።

ስለ ወናፍ ካነሳን አይቀር አንድ ነገር እንበል። ለዚህ ሙያ በአገራችን ቡዳ ተብለን ተሰድበንበታል። እዚህ ስንመጣ ደግሞ ዕድሜውን ሙሉ ብረት ሲቀጠቅጥ የኖረ አባት በቅጽ ላይ «ሙያ የሌለው» ተብሎ ተጻፈበት። ልጁ የሚያነበው ያንን ቅጽ ነው። አባቱ ካርቡራተር ነክቶ ባያውቅም፣ ሁለት ምት እኩል መሆኑንና አለመሆኑን ጆሮው ይለያል፤ ስለዚህ በሥራው ሰዓት አባትየው ወንበር ይዞ አጠገቡ ይቀመጥ እንላለን።

ወደ ሥራው እንግባ። ካርቡራተር ከመንካታችሁ በፊት ካንዴላዎቹንና የአየር ማጣሪያውን እዩ፤ ካርቡራተሩን ከሞተሩ ጋር የሚያገናኘው ጎማ መሰንጠቁንም መርምሩ። የቫልቮቹ ክፍተት በመጽሐፉ በተጻፈው ልክ ካልሆነም ማመጣጠኑ ከንቱ ድካም ነው።

መለኪያውን ራሳችሁ ትሠራላችሁ። 4 ሜትር ያህል ብርሃን የሚያሳልፍ ቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ ግዙ፤ መካከሉን ወደ ታች አጥፋችሁ የሰው ቁመት ባለው ጣውላ ላይ እሰሩት፤ በታጠፈው በኩል የሁለት ስትሮክ ዘይት ጨምሩ። ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ ዘይቱ በግራና በቀኝ እኩል ይቆማል። አሮጌ የሜርኩሪ መለኪያ ግን ማንም በርካሽ ቢሰጣችሁ ልጆች ባሉበት ቤት አታስገቡ፤ መርዝ ነው።

ሞተሩን ጥቂት ነድታችሁ አሙቁት፣ ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙት፣ አጥፉት። የቤንዚን ሰልባትዮው ከተነሳ በኋላ ቤንዚን ከፍ ብሎ ከተሰቀለ ትንሽ ዕቃ በቱቦ ይመጣል፤ ቱቦው በደንብ ይታሰር፣ ሲጋራ የሚያጨስ ሰው ይራቅ። በየካርቡራተሩ አጠገብ ያሉትን የመሳቢያ ቀዳዳዎች ቆብ ነቅላችሁ የመለኪያውን ሁለት ጫፎች ሰኩ። ከዚያ አስነሱ። ዘይቱ ወደ አንዱ ወገን ይወጣል፤ የሚወጣውም ጉሮሮው ይበልጥ ወደ ጠበበው፣ በኃይል ወደሚስበው ነው። ፈጥኖ ከወጣ ሞተሩ ሳይውጠው ወዲያው አጥፉ። ልዩነቱ እንዲህ የበዛ ከሆነ ለባለሙያ ተዉት።

በሁለቱ ካርቡራተሮች መካከል ያለውን የማመጣጠኛ ብሎን በካቻቪቴ (ልጆቻችሁ ማቭሬግ የሚሉት) ከሩብ ዙር ባነሰ ብቻ አዙሩ፤ ነዳጅ አንዴ ሰጥታችሁ ልቀቁና ዘይቱ እስኪረጋ ጠብቁ። ችኮላ እዚህ ላይ ነው ሥራ የሚያበላሸው። የድብልቁን ብሎኖች አትንኩ፤ እነሱ ሌላ ሥራ ናቸው። ዘይቱ እኩል ሲቆም ሚኒሞውን በመጽሐፉ ልክ አስተካክሉ። በአየር የሚቀዘቅዝ ሞተር ቆሞ ብዙ ከሠራ ይቃጠላልና በየመሃሉ አሳርፉት፤ የቤት ቬንቲላተር ከፊቱ ብታቆሙም ይረዳል።

ይህ ሁሉ ከቤት ውጭ ይሁን። በማኽሳን፣ በሚክላጥ፣ በተዘጋ መኪና ማቆሚያ ውስጥ ፈጽሞ ሞተር አታስነሱ። ከማርሚታው የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ሰው እንቅልፍ የወሰደው መስሎት ይሞታል። ከቀትር በኋላ ባለው የዕረፍት ሰዓትም ጎረቤት አታስነሱ፤ ከቫዓድ ባይት ጋር የሚያጣላን ጉዳይ አላነሰንም። ፍሬንና መሪ የነካ ብልሽት ግን ወደ ተፈቀደለት ሙሳክ ይሂድ። እንዲሁም የጎረቤትን ሞተር በገንዘብ መሥራት ፈቃድ የሚጠይቅ ንግድ ነው፤ በራሳችሁ ንብረት ተወሰኑ።

ሲጨርሱ የሚረሳ አንድ ነገር አለ፤ የመሳቢያ ቀዳዳዎቹ ቆብ ነው። አንዱ እንኳ ክፍት ከቀረ ሞተሩ ትርፍ አየር ይስባል፣ ልፋቱም ገደል ይገባል። ቆቦቹ እንዳይጠፉ ከጣውላው ላይ ትንሽ ቆርቆሮ ሰቅለንበታል። ጣውላው እኛ ዘንድ አለ፤ የሚፈልግ ቤተሰብ ከእሑድ እስከ ሐሙስ ማታ ማታ ወስዶ ሠርቶበት ይመልስ።