የስንዴ ቡቃያ ናይትሮጅንን እንዴት ይመገባል?

ለገበሬዎችና ለልማት ሠራተኞች የተደረገ ንግግር



በክረምት በዋልካ መሬት ላይ የተዘራ ስንዴ ቢጫ ሲሆን የማያዝን ገበሬ የለም። ብዙ ሰው ወዲያው ዩሪያ ይበትናል። ይሁን እንጂ ቢጫነት ሁሉ የማዳበሪያ ማነስ አይደለም። ልዩነቱን ለመለየት ቡቃያው እንዴት እንደሚመገብ ማወቅ ያስፈልጋል።

ዘሩ በበቀለ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ቡቃያው የሚኖረው በፍሬው ውስጥ ባለው ስንቅ ነው። ስንቁ ሲያልቅ ምግቡን በሥሩ ከአፈር ይፈልጋል። ከሚፈልጋቸውም ምግቦች ዋነኛው ናይትሮጅን ነው፤ ያለ እርሱ ቅጠል አይለመልምም፣ አገዳም አይጠነክርም።

ሥር ናይትሮጅንን የሚወስደው በውኃ ሟሙቶ ሲያገኘው ነው። የሚወስደውም በሁለት መልክ ሲሆን፣ አንዱ አሞኒየም፣ ሁለተኛው ናይትሬት ይባላል። አሞኒየም አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ሥሩ ውስጥ ሥራ ላይ ይውላል። ናይትሬት ግን ብዙው ከውኃው ጋር በቀጫጭን ቧንቧዎች ወደ ቅጠል ይወጣል፤ ቅጠሉም በፀሐይ ኃይል ወደ ገንቢ ምግብ ይለውጠዋል። ቅጠሉ በበኩሉ የሠራውን ስኳር ወደ ሥሩ ይልካል። ሥሩ ከዚህ ስኳር ጉልበት የሚያገኘው አየር ሲኖረው ነው። አየር ካጣ፣ ምግብ በአጠገቡ ሳለ ይራባል።

እንግዲህ በዋልካ መሬት ላይ ውኃ ሲተኛ የሚሆነው ይህ ነው። ውኃው አየሩን ያስወጣል፤ ሥሩም ይታፈናል። በአፈሩ ውስጥ ያሉ ረቂቅ ነፍሳትም አየር ሲያጡ ናይትሬቱን ወደ ጋዝ ለውጠው ያባክኑታል። በዚህ ጊዜ ዩሪያ መጨመር ገንዘብን ውኃ ላይ መበተን ነው።

ስለዚህ እንዲህ አድርጉ፦

1ኛ/ ጥቂት ቡቃያዎችን ከነአፈራቸው ቆፍራችሁ ሥራቸውን ተመልከቱ። ሥሩ ቡናማ ሆኖ መጥፎ ሽታ ካለው ታፍኗል ማለት ነው። አስቀድማችሁ ቦይ ቅደዱና ውኃውን አጠንፍፉ።

2ኛ/ ሥሩ ነጭና ጤነኛ ሆኖ፣ ቢጫነቱ ከታችኛው አሮጌ ቅጠል ጫፍ ከጀመረ፣ የናይትሮጅን ረሃብ መሆኑን ጠርጥሩ። ተክሉ ሲቸግረው ከአሮጌው ቅጠል እያነሣ ለአዲሱ ይሰጣልና።

3ኛ/ በ50 ኪሎ ዩሪያ ውስጥ 23 ኪሎ ናይትሮጅን አለ። ቡቃያ ይህን ሁሉ በአንድ ጊዜ አይጨርስም፤ የተረፈውን ዝናብ ያጥበዋል። ከፊሉን በዘር ጊዜ፣ ቀሪውን ስንዴው ከአንድ ሥር ብዙ አገዳ ማውጣት ሲጀምር፣ አረሙ ከታረመ በኋላ ስጡ። መሬቱ እርጥብ ይሁን፤ ውኃ ግን አይተኛበት። በመስመር ከተዘራ ዩሪያውን አፈር አልብሱት፤ በገጹ ላይ ከቀረ ወደ አየር ይተናል።

የልማት ሠራተኞች ሆይ፣ በማሳው ዳር ቆማችሁ አትፍረዱ። ከገበሬው ጋር ገብታችሁ፣ ቆፍራችሁ፣ ሥሩን አይታችሁ ምከሩ።